«ምች ነው» ከማለታችን በፊት



ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አንዱ የአንዲት አያት ነው። የ13 ዓመት የልጅ ልጃቸው በ«መንገድ ለሰው» እሑድ ጠዋት ከጓደኞቿ ጋር ስትሮጥ ቆይታ በድንገት መዳፏንና የራሷን ቆዳ ያሳክካት ጀመር። ብዙም ሳይቆይ መላ ሰውነቷ ሳማ እንደ ነካው ተቆጣ። ከንፈሯና የዓይኗ ቆብ አበጠ፤ ድምፅዋም ጎረነነ። ጓደኞቿ ደግፈው ቤት ሲያደርሷት ጎረቤቱ ሁሉ «ምች ነው» አለ። ዳማከሴ ታሸላት፣ ጋቢ ተደርቦላት ተኛች። ከሰዓታት በኋላ እብጠቱ ጎደለ። አባትየው ግን ከዚያን ቀን ወዲህ «ሁለተኛ ሩጫ የሚባል ነገር እንዳልሰማ» ብሏል። ልጅቱ የትምህርት ቤቷ ሯጭ ስለሆነች ታለቅሳለች። አያትየው የጠየቁኝ ሁለት ነገር ነው፦ «ምች ነው ወይስ ሌላ? ልጅቱስ እንዲሁ ተቀምጣ ልትቀር ነው?»

እኅቴ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድምልዎ። የነገሩኝ ሁሉ ምች አይመስልም፤ አደገኛ የሆነውን የአለርጂ ዓይነት ይመስላል። ልጅቱ በአስቸኳይ ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለባት፤ እስከዚያ ድረስ አትሩጥ። ዕድሜዋን ሙሉ ግን ተቀምጣ አትቀርም። ረጅሙን መልስ ለሁላችሁም አደርገዋለሁ፤ ምክንያቱም ይህ ነገር በየትኛውም ቤት በር ላይ ሊደርስ ይችላል። ሲደርስ ደግሞ ሰው የሚያተርፈው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች የምናደርገውና የማናደርገው ነው።

ምች የምንለውና ይህኛው

ምች ስንል አብዛኛውን ጊዜ ፀሐይ ላይ ውሎ ወይም ላብ ላይ ነፋስ አግኝቶት ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ብርድ ብርድ ማለት የያዘውን፣ ኋላም ከንፈሩ ላይ ውኃ የቋጠረ ቁስል የወጣበትን ሰው ነው። ይህ ቀስ ብሎ የሚመጣ ሕመም ነው፤ በሰዓታት ወይም በቀን ይቆጠራል። ዳማከሴውንም፣ ያሹበትንም እጅ አልነቅፍም።

የአለርጂው ግን በደቂቃ የሚቆጠር ነው። ትኩሳት የለውም። ያሳክካል፤ ያብጣል፤ ከቆዳ አልፎ ወደ ጉሮሮ፣ ወደ ሳንባ፣ ወደ ልብና ወደ ደም ሥር ይዘልቃል። ሐኪሞች አናፊላክሲስ ይሉታል። ስለዚህ አንድ ነገር ያዙልኝ፦ እየሮጠ፣ እየተጫወተ ወይም ተራራ እየወጣ ሳለ ሰውነቱ በድንገት ያበጠ ሰው ምች መታው ተብሎ አይሸፈንም፤ አይታሽም፤ «ይተኛና ያልፍለታል» ተብሎም ብቻውን አይተውም።

ሰውነት ምን ሆኖ ነው?

ሰውነታችን ራሱን የሚጠብቅበት ዘበኛ አለው። ዘበኛው አንዳንዴ ወዳጁን ከጠላት ሳይለይ ቀርቶ አንድን ምግብ፣ የንብ መርዝ ወይም መድኃኒት በጠላትነት ይመዘግባል። በመጀመሪያው ቀን ምንም ላይሆን ይችላል። ኋላ ያው ነገር ሲመለስ ሂስታሚንና ሌሎች ኬሚካሎች በአንድ ጊዜ ይለቀቃሉ። የደም ሥሮች ይላላሉ፤ የደም ግፊት ይወርዳል፤ የመተንፈሻ ቱቦዎች ይጠባሉ።

ይህን የደረሱበት ሻርል ሪሼ እና ፖል ፖርቲየ የተባሉ ፈረንሳውያን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1902 የአንድ የባሕር እንስሳን መርዝ ለውሾች በጥቂት በጥቂቱ እየሰጡ እንዲለምዱት ለማድረግ ሲሞክሩ፣ ውሾቹ በሁለተኛው ጊዜ በትንሽ መጠን በደቂቃዎች ውስጥ ሞቱባቸው። አናፊላክሲስ የሚለውን ስም ያወጡትም ያን ጊዜ ነው። ሪሼ ለዚህ ሥራው በ1913 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። «ባለፈው ጊዜ እኮ ምንም አላለውም» ማለት ዋስትና የማይሆነውም ለዚሁ ነው።

እኔና የሥራ ባልደረቦቼ ይህን ሕመም በዋናነት የምናውቀው በፔኒሲሊን መርፌ ነበር። መርፌውን የምንሰጥበት ክፍል ውስጥ አድሬናሊን በትሪው ላይ ሳይቀመጥ ሥራ አይጀመርም ነበር። ዛሬ ግን ሰዉ ጠዋት ጠዋት ይሮጣል፤ እንጦጦ ይወጣል፤ በኅዳር ደግሞ ለታላቁ ሩጫ መስቀል አደባባይ ይሰለፋል። ይህ መልካም ነገር ነው። ሆኖም የትሪው ዕውቀት ከክፍሉ ወጥቶ ሜዳው ድረስ መድረስ አለበት።

ምግብና ሩጫ ሲገናኙ

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ዓይነት አለ። ሰውየው ዳቦ በልቶ ቢቀመጥ ምንም አይለውም። ባዶ ሆዱን ቢሮጥም ምንም አይለውም። ዳቦ በልቶ ከሮጠ ግን ሰውነቱ ያብጣል፤ ራሱንም ይስታል። ሁለቱ ለየብቻ ደህና ናቸው፤ ሲገናኙ ነው ጉዱ። በሕክምና መጽሔት የተመዘገበው የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ታማሚ የረጅም ርቀት ሯጭ ነበር። ዘገባው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1979 ሲሆን የበላው ምግብ የባሕር ዛጎል ለበስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሁሉ በላይ ስሙ የሚነሳው ስንዴ ነው።

ስንዴ በእኛ ቤት የት የት እንዳለ አስቡት። ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ጨጨብሳ፣ የስንዴ ቂንጬ፣ ፓስታ፣ ብስኩት። ጤፍ ውስጥ ይህ የስንዴ ፕሮቲን የለም፤ እንጀራው ግን ከስንዴ ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ የተጋገረ ሊሆን ስለሚችል መጠየቅ ያስፈልጋል። ከስንዴ ሌላ ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ እንቁላል፣ ወተትና ዓሣም አለርጂ ያስነሳሉ። በጾም ወራት ሰሊጡና ለውዙ በየፍትፍቱና በየቆሎው ስለሚበዛ፣ ልጁ ምን እንደበላ ስትጠይቁ እነዚህን አትርሱ።

ነገሩን የሚያባብሱም አሉ። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክን የመሳሰሉ ማስታገሻዎች፣ አልኮል መጠጥ፣ ብርቱ ብርድ ወይም ሙቀት፣ በልጃገረዶችና በሴቶች ደግሞ የወር አበባ ሰሞን። ጉልበቱን እንዳያመው ብሎ ከመሮጡ በፊት ማስታገሻ የሚውጥ ሰው ብዙ አውቃለሁ። ዳቦ፣ ማስታገሻና ሩጫ በአንድ ጠዋት ሲገናኙ፣ ከዚያ በፊት ዝም ብሎ የኖረው አለርጂ ሊነሳ ይችላል። ይህ ሕመም በሮጡ ቁጥር አይመጣም። ቤተሰብን የሚያዘናጋውም ይኸው ነው፤ አሥር ጊዜ በደህና ሮጦ በአሥራ አንደኛው ሊወድቅ ይችላል።

አንድ ዓይነት ሽፍታ ደግሞ አለ፤ ሰው ሲያልበው፣ በሙቅ ውኃ ሲታጠብ ወይም ሲናደድ የመርፌ ራስ የሚያህሉ ጥቃቅን ሽፍታዎች ይወጡበታል። ብዙውን ጊዜ ከማሳከክ አያልፍም። ሐኪም ከሚጠይቃችሁ አንዱ «በሙቅ ውኃ ስትታጠብም ይወጣባታል ወይ?» የሚል ስለሆነ አስተውላችሁ ሂዱ።

የንብና የተርብ ነገር

ከቤት ውጭ ስንል ንብ መቅረት የለባትም። ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ ሲፈነዳ፣ ንቡም ሥራ ይበዛበታል፤ እኛም ሜዳ ለሜዳ መሄድ እንጀምራለን። ንብ ስትነድፍ መንደፊያዋን ከነመርዝ ከረጢቱ ቆዳ ላይ ጥላ ትሄዳለች፤ ከረጢቱም መርዙን መግፋቱን ይቀጥላል። ስለዚህ በጥፍርም ይሁን በካርድ ጠርዝ በፍጥነት አውጡት። «እንዲህ አትንቀል፣ እንዲያ ፋቅ» እያሉ ከመከራከር ፍጥነቱ ይበልጣል። ተርብ መንደፊያዋን አትተውም፤ ደጋግማ ልትነድፍም ትችላለች። አንዲት ንብ የነደፈችበት ቦታ ሽታ ሌሎቹን ስለሚጠራ ልጁን ከቀፎው አካባቢ አርቁት።

የተነደፈበት ቦታ ብቻ ቢያብጥና ቢያም የተለመደ ነው፤ ቀዝቃዛ ነገር ይያዝበት። ክንዱን ተነድፎ ከንፈሩ ካበጠ፣ ሆዱ ላይ ሽፍታ ከወጣ፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ራሱን ካዞረው ግን አናፊላክሲስ ነው ብላችሁ ተነሱ። ብዙ ንቦች በአንድ ጊዜ ለነደፉት ልጅ ደግሞ አለርጂ ባይኖርበትም መርዙ ራሱ አደገኛ ስለሆነ ሐኪም ይየው።

እንዴት እንለየዋለን?

ቀለል ባለ መንገድ እንያዘው። በድንገት ቆዳ ያሳክካል ወይም ያብጣል፤ በዚያ ላይ ከሚከተሉት አንዱ ይጨመራል፦

ትንፋሽ፦ ማጠር፣ ሲር ሲር ማለት፣ ጉሮሮ መታነቅ፣ የድምፅ መጎርነን፣ የማያቋርጥ ሳል።

ደም ዝውውር፦ ማዞር፣ ዓይን መጨለም፣ መገርጣት፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ራስን መሳት።

ሆድ፦ ብርቱ ቁርጠት፣ ደጋግሞ ማስመለስ።

ቆዳና ከእነዚህ አንዱ ከተገናኙ ሌላ ማስረጃ አትጠብቁ። በእኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል በእጃችሁ ዳስሱት፤ ከፍ ከፍ ያለ እብጠት ይገኛል። መዳፍን፣ ውስጥ እግርን፣ ከንፈርንና ምላስን እዩ። አንዳንዴ ደግሞ ቆዳው ላይ ምንም ሳይኖር ትንፋሽ ወይም የደም ግፊት ብቻ ሊጎዳ ይችላል። የታወቀ አለርጂ ያለበት ሰው ያንን ነገር ከቀመሰ ወይም ከተነደፈ በኋላ ትንፋሽ ካጠረው ቆዳውን አትጠብቁ። ትንሽ ልጅ ቃል ስለሌለው ጭንቅ ጭንቅ ይለዋል፤ እናቱ ላይ ይለጠፋል ወይም በድንገት ዝም ይላል። ትልቅ ሰው «ልሞት ነው» የሚል ስሜት ይመጣበታል። ይህን አትናቁበት፤ ይህም ከምልክቶቹ አንዱ ነው።

አስም ያለበት ልጅም ሲሮጥ ትንፋሹ ሲር ሲር ይላል፤ እሱ ግን አያሳክከውም፣ አያብጥም። ያለ ማሳከክና ያለ እብጠት በድካምና በጥም ያዞረው ሰው ደግሞ ተኝቶ ሲያርፍና ውኃ ሲያገኝ ቶሎ ይመለሳል። አስምና አለርጂ አብረው የያዙት ልጅ ግን ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ አናፊላክሲስ ሲይዘው ሳንባው ቶሎ ይጎዳል።

እዚያው ሜዳ ላይ

የመጀመሪያው ሥራ ማቆም ነው። ማሳከክ ሲጀምር ሩጫው ይቁም፤ «ይቺን ዙር ልጨርስ» የለም። በሩጫ በሚነሳው ዓይነት ወዲያው መቆም ብቻውን ነገሩን የሚያበርድበት ጊዜ አለ።

ሁለተኛው ማስተኛት ነው። ይህን አስረዝሜ ልናገር፤ የአገራችን ልማድ ተቃራኒ ነውና። እኛ ሰው ሲያዞረው በብብቱ ገብተን እናነሳዋለን። «አይዞህ፣ ተራመድ፣ ነፋስ ያግኝህ» እንላለን። በሁለት ወገን ደግፈን እስከ መንገዱ እናስኬደዋለን። ለዚህ ሕመም ከዚህ የከፋ ነገር የለም። የደም ሥሮቹ ላልተው ደሙ ወደ እግር ወርዷል፤ ወደ ልቡ የሚመለሰው ጥቂት ነው። ባቆማችሁት ጊዜ ያም ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ አንድ የእንግሊዝ ጥናት፣ በአናፊላክሲስ ከሞቱት መካከል ከተኙበት ተነስተው በተቀመጡ ወይም በቆሙ በሰከንዶች ውስጥ ያለፉ እንደነበሩ አሳይቷል።

ስለዚህ በጀርባው አስተኙት፤ እግሩን በቦርሳ ወይም በተጠቀለለ ጃኬት ከፍ አድርጉለት። ትንፋሽ ካጠረውና መተኛት ካቃተው እግሩን ዘርግቶ ደገፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ነገር ግን አይቁም። ካስመለሰው ወይም ራሱን ከሳተ በጎኑ አድርጉት። ነፍሰ ጡር በግራ ጎኗ ትተኛ። ወደ መኪና በሸክም ይግባ፤ መኪናውም ውስጥ ተኝቶ ይሂድ። «ተሻለኝ» ብሎ ሽንት ቤት ልሂድ ቢል እንኳ አይፈቀድለትም።

ሦስተኛው አድሬናሊን ነው። ሐኪም ያዘዘለት ካለ ወዲያውኑ ጭኑ ላይ፣ በውጭው ጎን መሃል ይወጋ። በ5 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻለው ሁለተኛ ካለ ይደገም። ልቡ ይመታል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ፊቱም ይገረጣል። ይህ የመድኃኒቱ ሥራ ስለሆነ አትደንግጡ፤ ቶሎ ያልፋል።

የማይደረገውንም ልንገራችሁ። ትንፋሽ ለሚያጥረው ሰው ወተት፣ ማር፣ ሎሚም ሆነ ውኃ በአፉ አትስጡ፤ ሊታነቅ ይችላል። ክብሪት ጭሮ ማሽተት ሥራ አይሠራም። ሴቲሪዚንና ክሎርፌኒራሚንን የመሳሰሉት የአለርጂ ኪኒኖች ማሳከክን ያስታግሣሉ፤ የሚወርደውን የደም ግፊትና የሚዘጋውን ጉሮሮ ግን አያድኑም። ኪኒን ሰጥቶ «እስቲ እንየው» ማለት ደቂቃውን መብላት ነው።

ወዴት እንሂድ? ምን እንበል?

ቅርብ ወዳለው። ይህንም ደግሜ እላለሁ፤ ቅርብ ወዳለው። ከተማችን ውስጥ ሰው ልጁን ይዞ ሦስት ጤና ጣቢያ አልፎ «ትልቅ ሆስፒታል» ይሄዳል። አንድ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ጥናት በአናፊላክሲስ የሞቱ ሰዎች ልባቸው ወይም ትንፋሻቸው እስኪቆም የነበራቸውን ጊዜ ሲቆጥር፣ መካከለኛው ጊዜ በምግብ 30 ደቂቃ፣ በንብና ተርብ 15 ደቂቃ፣ በመርፌ በተሰጠ መድኃኒት ደግሞ 5 ደቂቃ ነበር። ይህን ቁጥር ከከተማችን የመኪና መጨናነቅ ጋር አስተያዩት። የሚያድነው መድኃኒት ውድ ማሽን አይፈልግም፤ በአንዲት አምፑል ውስጥ ያለ አድሬናሊን ነው፤ ነርስም ልትሰጠው ትችላለች። ወደ ሆስፒታል መላኩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። አንዱ ተሸክሞ ሲንቀሳቀስ ሌላው ወደ 907፣ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ ይደውል። አምቡላንስ የሚዘገይ ከመሰላችሁ ተሽከርካሪ ያለውን ሰው ለምኑ።

በር ላይ ስትደርሱ ካርድ ለማውጣት አትሰለፉ፤ ካርዱን አንድ ሰው በኋላ ያውጣ። ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ግቡና እንዲህ በሉ፦ «ዳቦ በልቶ ሲሮጥ ከ10 ደቂቃ በፊት ሰውነቱ አበጠ፤ አሁን ትንፋሽ አጥሮታል፤ አናፊላክሲስ እንዳይሆን ሰግተናል።» ምን እንደበላ፣ ምን እንደነደፈው፣ ምን መድኃኒት እንደወሰደና መቼ እንደጀመረው ከነገራችሁ ለባለሙያው ግማሹን ሥራ አቃለላችሁለት።

በአንዳንድ ቦታ መጀመሪያ ግሉኮስ ይንጠለጠላል፤ ሃይድሮኮርቲዞን ይሰጣል፤ አድሬናሊን ለመጨረሻ ይቀመጣል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። ሃይድሮኮርቲዞን ሥራውን የሚጀምረው ከሰዓታት በኋላ ነው። ስለዚህ በጨዋ አንደበት «አድሬናሊን አያስፈልገውም ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ወላጅ መጠየቁ ድፍረት አይደለም፤ ጥሩ ባለሙያም በዚህ ቅር አይለውም።

ከተሻለው በኋላ ቶሎ ይዛችሁት አትውጡ። ያለፈ የመሰለው ሕመም በሰዓታት ውስጥ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት በባለሙያ ዓይን ሥር ይቆይ፤ ሕመሙ ከበረታ ወይም አስም ካለበት ከዚያም በላይ። የዚያን ሌሊት ብቻውን አይደር።

ከውጭ ለሚመጡ የልጅ ልጆች

በክረምት ከአሜሪካና ከአውሮፓ የልጅ ልጆቻችሁ ሲመጡ ሻንጣቸው ውስጥ ትልቅ እስክሪብቶ የሚመስል ነገር ሊኖር ይችላል። አውልቃችሁ አትዩት፤ መጫወቻም አይሁን። ራሱ የሚወጋ አድሬናሊን ነው፤ ኤፒፔን የሚባለው በብዛት የታወቀው ነው። በእኛ አገር መድኃኒት ቤቶች እንዲህ በቀላሉ ስለማይገኝ ቢጠፋ የሚተካው የለም።

ልጁ ገና እንደመጣ እናቱን ወይም አባቱን «አሳዩኝ» በሉ። በኤፒፔን ላይ ሰማያዊው ክዳን ወደ ላይ ይነቀላል፤ ብርቱካናማው ጫፍ ጭን ላይ ነው የሚሆነው። በልብስ ላይም ቢሆን ይወጋል። ቀጭ እስኪል ተጭናችሁ ቢያንስ 3 ሰከንድ ያዙት። ሌሎች ዓይነቶች ትንሽ ይለያሉና የተጻፈበትን አስነብቡ። 0.15 ሚሊ ግራም የሚለው ለትንንሽ ልጆች፣ 0.3 የሚለው በአብዛኛው 30 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሆኑ ነው። ፍሪጅ ውስጥ አይገባም፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥም አይተውም። ልጁ ሜዳ ሲወጣ አብሮት ይውጣ፤ ቤት መሳቢያ ውስጥ የተቆለፈ ብዕር ማንንም አያድንም።

ለእኛ ለአያቶች

አናፊላክሲስ የልጆች ብቻ አይደለም። ለደም ግፊት ወይም ለልብ አቴኖሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል የምትወስዱ ካላችሁ፣ እነዚህ መድኃኒቶች አድሬናሊኑ በደንብ እንዳይሠራ ሊያደርጉ ይችላሉ። ኢናላፕሪል ደግሞ በራሱ የከንፈርና የምላስ እብጠት የሚያመጣበት ሰው አለ። አደራ፣ ይህን አንብባችሁ መድኃኒታችሁን እንዳታቋርጡ። ንብ ነድፎት ወይም ምግብ በልቶ ሰውነቱ ያበጠ ሰው ግን ለሐኪሙ ይንገር፤ ሐኪሙ አመዛዝኖ ይወስናል። ጠዋት ለእግር ጉዞ ስትወጡም የምትወስዱትን መድኃኒት ስም በወረቀት ጽፋችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ።

ልጅቱስ ትሩጥ?

የአባትየው ፍርሃት ይገባኛል። ልጁ ፊቱ ላይ ስታብጥ ያየ ወላጅ ያን ቀን አይረሳም። ነገር ግን ክልከላው ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ ይቀራል። ጥፋተኛው የሚበላ ነገር ወይም ንብ ከሆነ፣ ሩጫ ቢቀር እንኳ ገመድ ስትዘል ወይም ለታክሲ ስትሮጥ ያገኛታል። ሁለተኛ፣ ልጅ የተከለከለችውን ተደብቃ ታደርጋለች፤ ሲያሳክካትም ትደብቃለች። የመጀመሪያውን ማሳከክ የምትደብቅ ልጅ ደግሞ ከምትሮጥ ልጅ ይልቅ ታሠጋኛለች።

ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ማስታወሻ ይዛችሁ ሂዱ፤ የዚያን ጠዋት ምን በላች? ከስንት ሰዓት በኋላ ሮጠች? ማስታገሻ ውጣ ነበር? ብርድ ነበር? የወር አበባ ላይ ነበረች? የሚነድፍ ነገር ነክቷት ነበር? ከዚህ በፊትስ ቀለል ያለ ሽፍታ ወጥቶባት ያውቃል? እብጠቱን በስልክ ያነሳችሁት ካለ አሳዩ።

ሐኪሙ መርምሮ በሩጫ የሚነሳ አለርጂ ነው ካለ፣ ብዙዎች ሕግ አውጥተው ስፖርታቸውን ይቀጥላሉ። ሕጉ ይኸው ነው፦ የተጠረጠረውን ምግብ ከበሉ በኋላ ቢያንስ 4 ሰዓት አለመሮጥ፤ ማስታገሻ ውጦ አለመሮጥ፤ ብቻን አለመሮጥ፤ ስልክ መያዝ፤ ማሳከክ ሲጀምር እዚያው ማቆምና መተኛት። አድሬናሊን እንዴት ሊገኝ እንደሚችል ሐኪሙን ጠይቁ። ብዕሩ ካልተገኘ አምፑልና ሲሪንጅ አዝዞ ቤተሰቡን የሚያሠለጥን ሐኪም አለ። ሳይታዘዝና ሳይሠለጥኑ ግን አይሞከርም።

ከሁሉ በላይ በዙሪያዋ ያሉት ይወቁ። የሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ፣ የቡድን ጓደኞቿ፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ የሰፈር ሱቅ ባለቤት። አንድ ወረቀት ላይ «አለርጂ አለብኝ። ካበጥኩ አስተኙኝ፣ አታቁሙኝ፣ ቅርብ ጤና ጣቢያ ውሰዱኝ» ብላችሁ ጽፋችሁ ከወላጅ ስልክ ቁጥር ጋር ቦርሳዋ ውስጥ አስቀምጡ። ለአባትየውም ይህን ወረቀት አብራችሁ አስጽፉት፤ ሰው የሚያደርገውን ሲያውቅ ፍርሃቱ ይቀንሳል።

እናንተም፣ አለርጂ በቤታችሁ ባይኖርም፣ ዛሬ ማታ በእራት ገበታ ላይ ሦስት ነገር አድርጉ። ከቤታችሁና ልጆቹ ከሚጫወቱበት ሜዳ ቅርብ የሆነው ጤና ጣቢያ የቱ እንደሆነ፣ ሌሊትና እሑድ ክፍት መሆኑንም አረጋግጡ። 907ን ሁሉም ስልኩ ላይ ይመዝግብ። ከዚያ ልጆቹን ምንጣፍ ላይ አስተኝታችሁ እግር ከፍ ማድረግን አለማምዱ። ይስቃሉ፤ ይሳቁ። ሳቅ የለመዱትን እጅ በጭንቅ ቀን አይረሳውም።

ቸር ይግጠመን።